ስለ ናፍጣ ፖምፓዬ፣ ስለ አውራ ጣትዎና ስለ ጎበዜ በሬዎች

ለተከበሩ የ«አሮጌ ላንድ ክሩዘር ወዳጆች ኅብረት» የቴሌግራም ቡድን አስተዳዳሪ
ኔትወርክ ባለበት፣ ባሉበት

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል? የስልክዎ ባትሪ፣ የአባላትዎ ብዛት፣ በተለይም መልእክት የሚሰርዙባት ጣትዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በፎገራ ሜዳ የምንኖር ወዳጆችዎ፣ ውሃው እስከ ጉልበታችን ከመምጣቱ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሩዙማ እንዲያውም ደስ ብሎታል።

እኔ ውባየሁ ታደለ እባላለሁ። የቁሐር ሚካኤል ነዋሪ፣ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የምታንስ የአንዲት ላንድ ክሩዘር ባለቤት፣ ሾፌር፣ አጣቢና እንደ አስፈላጊነቱም ገፊ ነኝ። ክቡርነትዎ በገዛ እጅዎ ከቡድኑ ስላስወጡኝ ራሴን እንደ አዲስ ማስተዋወቅ ግድ ሆኖብኛል። በውስጥ መስመር እንዳልጽፍልዎም ያንኑም በር ጠርቅመውታል። ይህ ደብዳቤ እርስዎ ብቻ ሊያነቡት ይገባ የነበረ ሲሆን፣ አገር ሁሉ እንዲያነበው ስላበቁት አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

አቤቱታዎቼን፣ ወይም እርስዎን ላለማስቀየም ምስጋናዎቼን ልበላቸው፣ በቁጥር አድርጌ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስለ አውራ ጣትዎ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የመኪናዬ የናፍጣ ፖምፓ ሞተ። ይህ ዕቃ ናፍጣውን እየሳበ ለሞተሩ የሚያጎርስ ነው፤ እሱ ካላጎረሰ ሞተሩ አይበላም፣ ካልበላ አይሠራም፤ በዚህ በኩል ሞተር ከሰው አይለይም። ወረታ ጋራዥ ያለው መካኒኬ ዘመኑ እስከ ቤቴ ድረስ መጥቶ ፈታው፣ ነቀነቀው፣ ወደ ጆሮው አስጠጋው፤ ከዚያም ይህ ነገር በመፍቻ ከሚድንበት ደረጃ ማለፉን በሐዘን ነገረኝ።

መኪናዬ በሌላ ጊዜ ብትቆም ባልከፋኝ፤ ቆማ ማየቱን ለምጄዋለሁ። ነገር ግን የቅኔ መምህራችን መሪጌታ ማርቆስ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው፣ ወደ ደብረ ታቦር ከሚመጡ የዓይን ሐኪሞች ዘንድ ቀጠሮ ተይዞላቸው ነበር። ሐኪሞቹ በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ የሚሉ እንግዶች ናቸው። አምና ያዩአቸው ሐኪምም የግራ ዓይናቸው ለከርሞ ካደረ ተስፋው እንደሚመነምን አስጠንቅቀዋል። መሪጌታ ልጅ ሳለሁ ፊደል ያስቆጠሩኝ አባቴ ናቸው። አሁን በድምፄ ካልሆነ አያውቁኝም፤ ጉሮሮዬን ሳልጠርግ የገባሁ እንደሆነ የጎረቤት ጥጃ የገባ መስሏቸው «ሂድ» ይሉኛል። ከቁሐር ወደ አስፋልቱ የሚያወጣው መንገድ ውሃ ሲውጠው ደግሞ ደፍራ የምታልፈው የእኔው መኪና ብቻ ናት። አደርስዎታለሁ ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ።

ስለዚህ የሞተውን ፖምፓ አጥቤ፣ ባለቤቴ እናትነሽ ገበያ በሄደችበት ሰዓት ከእናቷ ቤት ባመጣቻት ባለ ቀይ ጠርዝ ሰፌድ ላይ አስቀምጬ ፎቶ አነሳሁትና «የዚህ ዓይነት ያለው ወገን ይተባበረኝ» ብዬ በቡድንዎ ለጠፍሁት። ብዙም ሳይቆይ ራሱን «ሐቀኛው» ብሎ የሰየመ ሻጭ፣ አዲስ አበባ ነው ያለሁት ብሎ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ሰላምታው ከጳጳስ ቡራኬ ይረዝማል። ፖምፓው እንዳለው፣ ሌላ ሰውም እየጠየቀው እንደሆነ፣ ለእኔ ግን ድምፄ ከልቡ ስለገባ እንደሚያስቀምጥልኝ ነገረኝ። እኔ የጻፍሁለት እንጂ የተናገርሁት ነገር አልነበረም፤ ድምፄን ከየት እንደሰማው ያን ጊዜ አልጠየቅሁም። ፎቶም ላከልኝ። ክቡርነትዎ፣ ዕቃው ከእኔው ጋር ቁርጥ አንድ ነበር። ጭረቱ ሳይቀር! እኔም የፈጣሪን ሥራ አደነቅሁ።

ከስሙ አጠገብ «የታመነ ሻጭ» የሚል፣ እርስዎ ራስዎ የሰጡት ማዕረግ አለ። ሆኖም ጥንቃቄ አይከፋም ብዬ፣ ይህ ሰው እውነት የታመነ ነው ወይ ስል እርስዎን በአክብሮት ጠየቅሁ። ክቡርነትዎም ቃል ሳያባክኑ አንዲት ቢጫ አውራ ጣት ላኩልኝ። እኛ አገር አውራ ጣት ፊርማ ነው። አያቴ መሬታቸውን የተካፈሉት በአውራ ጣት ነው፤ ቀለም ነክረው ካተሙ በኋላ ቃል ማጠፍ የለም። የእርስዎ ጣት ግን ቀለም ያልነካት መሆኗን አላስተዋልሁም። ብሩን ላክሁ።

፪ኛ፦ ጥሩብርሃን የተባለችውን ሴት ስላስወጡልን።

በዚያው ቀን ባሕር ዳር አሮጌ መለዋወጫ የምትሸጥ ጥሩብርሃን የምትባል ሴት ጽፋልኝ ነበር። ፖምፓው አለኝ፤ ነገር ግን ሳያዩ ብር አይላኩ፣ መካኒክዎን ይዘው መጥተው ይንኩት፣ ካልተስማማዎ ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ አለችኝ። እኔም ብር አትላክልኝ የሚል ነጋዴ በዕድሜዬ አይቼ ስለማላውቅ ጠረጠርኋት። ደግሞም ከስሟ አጠገብ ማዕረግ የለም። ምክንያቱን በኋላ ነው የሰማሁት፤ ለማዕረጉ የሚከፈለውን አልከፍልም ብላ ነው አሉ። ቀጥሎም በአደባባይ «ወገኖቼ፣ ሳታዩ አትክፈሉ» ብላ ብትጽፍ፣ ክቡርነትዎ ንግድን በማዳከም ወንጅለው አስወጧት። ውሃው ሲመጣ «ውሃ መጣ» ብሎ የጮኸውን ሰው በጩኸቱ እንደ መቅጣት ያለ ፍርድ ነው፤ በፎገራ እንዲህ ያለ ዳኛ አጋጥሞን ስለማያውቅ አድንቀናል።

፫ኛ፦ ስለ ዕቃው።

ዕቃው አልቀረም። በዚህ ሐቀኛውን አላማውም፤ ልኮልኛል። በአውቶቡስ ወረታ ደርሶ፣ ካርቶኑን ተሸክሜ ወደ ዘመኑ ጋራዥ ገባሁ። ክብደቱ የፖምፓ ነው፣ ሽታው የናፍጣ ነው። የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ሥራቸውን ትተው ከበቡን። ዘመኑ ላስቲኩን ቀደደ፣ በዘይት የራሰውን ጨርቅ ፈታ፣ ከውስጡም ግራሶ የተቀባ ጥሩ ጥቁር ድንጋይ አወጣ።  የሙያ ሰው ነውና ድንጋዩን በዚህም በዚያም አገላብጦ ካየ በኋላ በትሕትና እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ ይሄ ለእርስዎ ሞዴል አይሆንም።»

ወዲያው ስደውል ያቺ በስልክ ውስጥ የምትኖር ትሑት ሴት ደንበኛውን ማግኘት እንደማልችል ነገረችኝ። ከጥሩብርሃን ቀጥሎ በዚህ ጉዳይ እውነቱን የነገረችኝ እሷ ናት።

ውሃውን እያቋረጥሁ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። እናትነሽ ነገሩን ስትሰማ ሰውየው ፖምፓ እንዳልነበረው ገባት፤ እኔ ግን ፖምፓ እንደነበረውና በመጨረሻ ሰዓት ሐሳቡን እንደለወጠ ለማስረዳት የላከልኝን ፎቶ አውጥቼ አሳየኋት። ስልኩን ተቀብላ አቀረበችው፣ አራቀችው፣ ከዚያም ቀና ብላ አየችኝ።

«ሰፌዴ አዲስ አበባ ምን ትሠራለች?»

ከፎቶው ጥግ ላይ፣ ሐቀኛው ሳይቆርጣት የቀረች፣ አንዲት ጣት የማትሞላ ቀይ ጠርዝ ነበረች። ክቡርነትዎ፣ ሰውየው የሸጠልኝ የራሴን የሞተ ፖምፓ ሥዕል ነው። ብርሃን ጨምሮ፣ ዳር ዳሩን ከርክሞ፣ መልሶ ለእኔው። ቁርጥ የእኔን ይመስላል ያልሁት ለዚህ ነበር። ዓይናቸው ሞራ የጋረደው መሪጌታ ናቸው ይባል እንጂ፣ በዚያን ቀን በቁሐር ከእኔ የባሰ ዕውር አልነበረም። እናትነሽም ከዚያ በላይ አልተናገረችኝም። ሰፌዷን አንስታ ከማይደረስበት ሰቀለቻት፤ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ናት።

፬ኛ፦ ከቡድኑ ስለ መባረሬ።

ሌላው ወንድሜ እንዳይታለል ብዬ ሁለቱን ፎቶዎችና የድንጋዩን ምስል ጎን ለጎን አድርጌ በቡድንዎ ለጠፍሁ። ስድብ አልጻፍሁም፤ ድንጋዩ ራሱ በቂ ነበር። ክቡርነትዎ መልእክቱን ሰርዘው፣ «የኅብረቱን ሰላም በማደፍረስ» በሚል ምክንያት አሰናበቱኝ። ሐቀኛው ግን ከነማዕረጉ ቀረ። ሰላም ማለት ሌባው ሳይረበሽ የሚሠራበት ጸጥታ ከሆነ፣ በእርግጥ አደፍርሻለሁና ቅጣቱን ተቀብያለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር አልሰጠውም፤ ስጽፈው ቁጥሩን እረሳዋለሁና።

የቀጠሮው ዋዜማ መሪጌታ ዘንድ ሄድሁ። ጥምጥማቸውን አሳጥበው፣ ነጠላቸውን አሳጥፈው፣ በራቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ገና አፌን ሳልከፍት ከአጠራረጌ ነገሩን ያወቁት ይመስለኛል። ሁሉንም ነገርኋቸው። አልተቆጡም፤ ድንጋዩ ቀዳዳ ያለው ነው ወይስ ድፍን ብለው ጠየቁኝ፤ ድፍን መሆኑን ስነግራቸው ለወፍጮ መጅ ይሆናል አሉ።  እጃቸው የታጠፈውን ነጠላ ይዳብስ ነበር። ዳዊቱን በቃላቸው ስለሚያውቁት ዓይን ባይኖራቸውም እንደማይጎድልባቸው፣ የሚጎድልባቸው አንድ ነገር የተማሪዎቻቸውን ፊት አለማየት እንደሆነ በዝግታ ነገሩኝ። «ሲገባቸውና ሳይገባቸው ፊታቸው ላይ ነበር የማየው፤ አሁን በጨለማ እዘራለሁ» አሉ። ክቡርነትዎ፣ በዚያች ሰዓት አውራ ጣትዎን ባገኛት ኖሮ ምን እንደማደርጋት እግዚአብሔር ያውቃል።

በቃሬዛ እንውሰዳቸው ያለም ነበር። መሪጌታ ሬሳ መስዬ በመንደሬ አላልፍም ብለው እምቢ አሉ። በበቅሎ እንዳይሆን፣ የሰፈሩ በቅሎ ውሃ ስታይ የምትተኛ ናት። ይህን ሁሉ ቆሞ ሲሰማ የነበረው ጎረቤቴ ጎበዜ ነው፤ ሩዝ አራሽ ነው፣ ንግግር አያበዛም፣ መኪናዬንም አንድ ቀን አመስግኖ አያውቅም። «መኪናይቱ ጎማዋ ጤነኛ አይደለም ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጤነኛ ነው አልሁት። «እንግዲያ በሬዎቼ ናፍጣ አይጠጡም» አለና ሄደ።

በማግሥቱ ገና ሲነጋ በሬዎቹ ቦራና ዳልቻ ቀንበራቸውን ተሸክመው ከደጄ ቆሙ። ጎበዜ ገመዱን ከቀንበሩ አምጥቶ ከመኪናዋ የፊት ብረት ጋር ጠፈረው። መሪጌታን ከፊት ወንበር አስቀመጥናቸው፤ እኔ መሪውን ያዝሁ፤ ጎበዜ ጅራፉን ይዞ ከበሬዎቹ ጎን ውሃው ውስጥ ገባ፤ መንደሩ ከኋላ ገፋ። ሾፌርነት እንዲህ ምንም የማይፈይድ ሥራ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ከዝቅተኛው ቦታ ስንደርስ ውሃው በበሩ ሥር ገብቶ እግራችንን ያጥበን ጀመር፤ ዳልቻ ቆመ፣ ቦራም አብሮት ቆመ፣ መኪናዋም ቀስ እያለች ወደ ጎን ትንሸራተት ጀመር።  ጎበዜ ግን አልመታቸውም። አንገታቸው ሥር ገብቶ እንደ ሰው ያወራቸው ጀመር፤ ምን እንዳላቸው አልሰማሁም። መሪጌታም እግራቸውን ወደ ወንበሩ ሰብስበው በእርጋታ እንዲህ አሉኝ፦

«ውባየሁ፣ ይህች መኪና የፈረስ ጉልበት አላት ትለኝ አልነበረም? ለካ የበሬ ኖሯል።»

እኔ ስስቅ በሬዎቹ ተነቀነቁ። ከኋላ የሚገፋው ሰውም ምን እንዳሳቀኝ ሳያውቅ አብሮኝ ሳቀ፤ መኪናዋም ከጭቃው ወጣች።

ወረታ ስንገባ ገበያው ቆሞ አየን። የደብረ ታቦርና የጎንደር መንገድ ከሚገናኝበት ላይ የትራፊክ ፖሊስ እጁን አነሳብን። መንጃ ፈቃድ ሊጠይቅ ፈልጎ፣ እኔን ይጠይቅ ወይስ ጎበዜን ቸግሮት ለጥቂት ጊዜ በመካከላችን ቆመ። ከዚያም ከመስኮቱ ጥምጥሙን አየ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፣ ሄዶም ከባድ መኪኖቹን ሁሉ አስቁሞ አሳለፈን። ክቡርነትዎ ከዚህ ሰው ስለ አስተዳዳሪነት አንዳንድ ነገር ቢጠይቁት አይከፋም፤ እሱም ሥልጣኑ ያለው እጁ ላይ ነው፣ ግን እጁን ከማንሳቱ በፊት ያያል።

በሬዎቹን ከጋራዡ በር አቁመን፣ መሪጌታን ይዤ በሚኒባስ ደብረ ታቦር ደረስሁ። ሰልፉ ሊዘጋ ሲል ነበር። ሐኪሞቹ የግራውን ሠሩላቸው፣ ቀጥሎም የቀኙን። ፋሻው የሚፈታ ዕለት አልጋቸው አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ጉሮሮዬን አልጠረግሁም። መሪጌታ ዓይናቸውን አርገበገቡ፣ ወደ መስኮቱ አዩ፣ ከዚያም ፊቴን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «አንተ ልጅ፣ አንተም እንዲህ አረጀህ?» አሉኝ። 

ፖምፓውን በመጨረሻ ከጥሩብርሃን ገዛሁ። ዘመኑን ይዤ ባሕር ዳር ወረድሁ፤ አስነካችን፣ አስፈተነችን፣ ደረሰኝ ጻፈችልን፤ ስለ ጥርጣሬዬ ይቅርታ ብጠይቃት ያልጠረጠረ ደንበኛ ያስፈራኛል አለች። ከዚያ ወዲህ የወረታ ባለመኪኖች በዘመኑ ጋራዥ ያለ አስተዳዳሪ የምንተዳደርበት ሕግ አውጥተናል። ማንም በስልክ ዕቃ አለኝ ቢለን፣ ከዕቃው አጠገብ አንድ ራስ ሽንኩርት አስቀምጦ አሁኑኑ ፎቶ እንዲያነሳልን እንጠይቀዋለን። ሽንኩርት የሌለበት ቤት በኢትዮጵያ የለምና፣ ሽንኩርት ያጣ ሻጭ ዕቃም የለውም። ብዙዎቹ ይሳደቡና ይጠፋሉ። አንድ የጎንደር ሰው ግን ወዲያው ከነሽንኩርቱ አንስቶ ልኮ፣ ሽንኩርቱንም ትፈልጉታላችሁ ወይ ብሎ ጠይቆናል። ከእሱ ራዲያተር ገዝተናል፤ ሽንኩርቱን ግን ወረታ ስለሚረክስ ትተንለታል።

፭ኛና የመጨረሻው፣ ቁጥሩ ትዝ ሲለኝ፦

ወረታ ስንገባ አንድ የባጃጅ ሾፌር ያነሳው ፎቶ አገር ዞረ። ዘመኑ በስልኩ እንዳሳየኝ፣ ክቡርነትዎ ያንኑ ፎቶ የቡድኑ መለያ አድርገው፣ ከሥሩም «የእኛ ኅብረት አባል ተስፋ አይቆርጥም!» ብለው ጽፈውበታል። በፎቶው ላይ ያለነው እኔ ያባረሩኝ፣ መሪጌታ ቴሌግራም የሌላቸው፣ ጎበዜ ስልክ የሌለው፣ እንዲሁም ቦራና ዳልቻ ነን። ከአምስታችን የቡድንዎ አባል አንድም ስለሌለ፣ ምስጋናው ለማን እንደሆነ ቢያብራሩልን ለበሬዎቹ እናነብላቸዋለን።

እንግዲህ ክቡርነትዎን በብዙ አድክሜአለሁ። መልስ አልጠብቅም፤ ብሬ ይመለስልኝ አልልም፤ ከቡድኑም ያስገቡኝ ብዬ አልለምንም። የምለምነው፣ ጥሩብርሃን ጽፋው የሰረዙትን ያንን «ሳታዩ አትክፈሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከፎቶአችን በላይ እንዲለጥፉልን ብቻ ነው፤ የማዕረግ ሳይከፈልበት።

የክቡርነትዎን ዕድሜ ያርዝምልን፣ ዝናቡ ከደጅዎ ይራቅ፣ ሞተርዎ በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሳ እያልሁ፣ በጭቃ ከተለወሰ ግን ንጹሕ ከሆነ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የቀድሞ አባልዎ፣ የአሁን ተሳፋሪ
ውባየሁ ታደለ
ከቁሐር ሚካኤል

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለመሪጌታ አነበብሁላቸው፤ አሁን ራሳቸው ማንበብ ቢችሉም መስማት ይመርጣሉ። የሚጻፍለትን ሰው ልየው ብለው ስልኩን ተቀበሉኝ። የመኪናዎን መሪ ይዘው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው የተነሱትን ፎቶ በአዲሱ ዓይናቸው በደንብ ካዩት በኋላ፣ እኚህም ዓይናቸውን ታመዋል ወይ ብለው በሐዘኔታ ጠየቁኝ። ዓይናቸውስ ጤነኛ ነው፣ የሚያዩትን ግን አያዩም አልኋቸው። መሪጌታም ስልኩን መለሱልኝና «አይ፣ እንዲያ ከሆነስ አልታደሉም» አሉ። «ሞራ ቢሆንማ ይገፈፍ ነበር።»